ጥናቱ ከገዛ ቤታችን ይጀምር

የሶሲዮሎጂ ተማሪዎች ስለ ቤተ ሰብ ብንጠየቅ መልስ አናጣም። ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር ብቻ የሚኖሩበትን ቤተ ሰብ፣ አያትና አጎት ከሚጨመሩበት ለይተን በሦስት መስመር እንጽፋለን፤ ማርካችንንም እንቀበላለን። ነገር ግን ከመካከላችን ስለ ገዛ ቤቱ አንድ ገጽ እንኳ እንዲጽፍ የታዘዘ ማን ነው?

እኔ ባደግሁበት ቤት ልጅ ከታላላቆች ጋር ለገበታ አይቀርብም ነበር። እጅ አስታጥቤ ጥግ ይዤ እቆማለሁ፤ አባባ «ና ጉረስ» ሲሉኝ ጎንበስ ብዬ ጉርሻዬን እቀበላለሁ። እንግዳው የተሳሳተ ነገር ቢናገርም ጣልቃ መግባት ነውር ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መምህሩ «አንተስ ምን ይመስልሃል?» ባሉኝ ጊዜ ዓይኔ ወለሉ ላይ ተተከለ። ብዙ ጊዜ አለማወቄ መስሎኝ አፍሬአለሁ። ኋላ ሳስበው ግን ከገበታው ዳር ቆሜ የተማርሁት ትምህርት ነበር።

ያ ገበታ ክፉ ብቻ አላስተማረኝም። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ገንዘብ ሲያጥረው ሳይጠይቀኝ የማካፍለው ከዚያው ተምሬ ነው። እህቴ ግን ገበታው ከተነሣ በኋላም አልተቀመጠችም። ዛሬ በስብሰባችን ወንዶቹ ሲከራከሩ ሴቶቹ ቃለ ጉባኤ እንዲይዙ የምንመርጠው ከወዴት ተምረን ይሆን?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ አለቃ አድርጎት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ፤ የሴቲቱንም የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ዓመት ከፍ አደረገው። አዋጁ ተለውጧል፤ ቤቱ ምን ያህል እንደ ተለወጠ ግን ሊነግረን የሚችለው ቤቱን ያየ ብቻ ነው።

ከቤት የሚጀምር ጥናት ለአፍሪካ እንግዳ አይደለም። የሥነ ልቡና ተመራማሪዋ ሜሪ አይንስወርዝ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በዩጋንዳ፣ በካምፓላ አካባቢ፣ 28 ሕፃናትን ከእናቶቻቸው ጋር በየቤታቸው እየሄዱ ተመልክተዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ገለጹት፣ በእናቱ የሚተማመን ሕፃን ደፍሮ ርቆ ይድኻል፤ ሲደነግጥም ወደ እርስዋ ይመለሳል። እንግዲህ ድፍረትም ሆነ ፍርሃት ሥሩ ከቤት ነው።

«የቤት ገመና አደባባይ ይውጣ ወይ?» ብለው የሚቆጡ ይኖራሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው። ስለዚህ ስም አይጻፍ፤ ያልፈቀደ ሰው አይጠየቅ፤ ጽሑፉም ወላጅን ለመክሰሻ አይሁን። ነገር ግን ገመናን መጠበቅ ሌላ፣ ራስን ሳያውቁ መኖር ሌላ ነው።

የትምህርት ክፍላችን በቤተ ሰብ ኮርስ ከማርኩ ግማሹን ለቤት ጥናት እንዲመድብልን እንጠይቅ። እስከዚያው ግን ማንም አይከለክለንም። ለፋሲካ ወደየቤታችን ስንሄድ ጥቂት ነገር እናስተውል፦ ማን ቀድሞ ይናገራል? ማን መጨረሻ ይበላል? ጠብ ሲነሣ የማን ቃል ያበርደዋል? መልሱን ይዘን ስንመለስ፣ ክፍል ውስጥ ስለምን ዝም እንደምንል መነጋገር እንችል ይሆናል።

አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ