ማሳሰቢያ፦ የወለል ዓሦች የአኳሪየም ጽዳት ሠራተኞች አይደሉም

ይህ ማሳሰቢያ በቤት፣ በሱቅ፣ በሆቴልና በትምህርት ቤት አኳሪየም ውስጥ ኮሪዶራስ፣ ፕሌኮ፣ ሎችና የመሳሰሉትን ከወለል የማይርቁ ዓሦች ለምታኖሩ ሁሉ ነው።

ብዙ ሰው እነዚህን ዓሦች የሚገዛው «ቆሻሻውን ይበሉልኛል» ብሎ ነው። እዳሪ ግን አይበሉም። የሚለቅሙት የምግብ ፍርፋሪና እንደየዝርያቸው አልጌ ነው። የተረፈ ምግብ፣ እዳሪና የበሰበሰ ቅጠል የሚጠራቀመው እነርሱ በሚያርፉበት ቦታ ስለሆነ፣ ወለሉ ሲቆሽሽ ቀድሞ የሚጎዳው የእነርሱ ሆድ፣ ጺምና ክንፍ ነው። የክንፍ መበስበስም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በሽታውን የሚያመጡት ኤሮሞናስ፣ ሱዶሞናስና ፍላቮባክቴሪየምን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ጤናማ በሚመስል ውሃ ውስጥም ይኖራሉ። የሚያጠቁት ዓሣው ሲዳከም ወይም ስለታም ጠጠር ሲያቆስለው ነው። ስለዚህ ወለሉን ሳያጸዱ መድኃኒት መጨመር በሽታውን ለጥቂት ቀን ቢያስታግሰው እንጂ አያስቀረውም።

ምልክቶቹ

የክንፉ ወይም የጭራው ጠርዝ ይነጣል ወይም ይቀላል፣ ከዚያም እየተተለተለ ያጥራል። የኮሪዶራስ ጺም ያልቃል። ዓሣው ክንፉን ወደ ገላው አጣብቆ ይተኛል፣ መብላትም ይተዋል። በሌላ ዓሣ የተነከሰ ክንፍ ግን ብዙውን ጊዜ ጠርዙ ንጹሕ ነው። ጀርባው ላይ ነጣ ያለ ወይም ቢጫማ ሽፋን ካያችሁ ኮለምናሪስ ሊሆን ስለሚችል አትዘግዩ፤ ይህ በሽታ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ወዲያውኑ አድርጉ

1. ውሃውን መርምሩ። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መሆን አለባቸው። ናይትሬት በሊትር ከ20 ሚሊግራም ባይበልጥ ይመረጣል።

2. ወለሉን በቱቦ እየሳባችሁ ከ25 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ውሃ ለውጡ። አዲሱ ውሃ ሙቀቱ ከነባሩ ጋር ይቀራረብ፤ ክሎሪኑም አስቀድሞ ይወገድ። ክሎሪን ውሃው በክፍት ባልዲ ሲያድር ይወጣል፣ ክሎራሚን ግን አይወጣም። ዋሽንግተን ዲሲን በመሰሉ ክሎራሚን በሚጠቀሙ ከተሞች የምትኖሩ የግድ ዲክሎሪኔተር (ክሎሪንና ክሎራሚን ማስወገጃ) ያስፈልጋችኋል።

3. የማጣሪያውን ስፖንጅ ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ እጠቡ። በቧንቧ ውሃ ካጠባችሁት አሞኒያን የሚያስወግዱት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች በክሎሪኑ ይሞታሉ።

4. ጉዳቱ ቀላል ከሆነ ንጹሕ ውሃ ብቻውን ሊያድን ይችላል፤ ክንፍ ከሥሩ እስካልተበላ ድረስ መልሶ ያድጋል። መበስበሱ ወደ ሥሩ እየገፋ ከሄደ ግን ዓሣውን ለይታችሁ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ። መድኃኒት ስትጨምሩ ከማጣሪያው ካርቦን አውጡ፣ አየር ማስገቢያውንም አጠንክሩ።

እነዚህን አታድርጉ

ከቤት የተረፈ የሰው አንቲባዮቲክ ውሃው ውስጥ አትበትኑ። ለምሳሌ ኤሮሞናስና ሱዶሞናስ አሞክሳሲሊንን ይቋቋማሉ፤ ትርፉ መድኃኒት የለመዱ ተሕዋስያንን ማራባት ነው። ለጥገኛ ተሕዋስያን የተሠሩ መዳብ ወይም ማላካይት ግሪን ያለባቸው መድኃኒቶች የክንፍ መበስበስን ለማከም የተሠሩ አይደሉም፤ ኮሪዶራስንና ሎችን ደግሞ ሊጎዱ ይችላሉ። ጨውም ለእነዚህ ዓሦች እንደ ልብ የሚሰጥ አይደለም። ሙቀቱን አትጨምሩ፤ ኮለምናሪስ በሞቀ ውሃ ይፈጥናል።

እንዳይመጣ

ለኮሪዶራስ ስለታም ጠጠር ሳይሆን ለስላሳ አሸዋ አንጥፉ። ወደ ታች የሚሰምጥ የራሳቸውን ምግብ ማታ መብራት ሲጠፋ ስጧቸው፣ የተረፈውን ጠዋት አውጡ። ወለሉን በየሳምንቱ ሳቡ። አዲስ ዓሣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት ቦታ በባትሪ የሚሠራ አየር ማስገቢያ አዘጋጁ፤ ማጣሪያው ለሰዓታት ከቆመ በውስጡ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አየር አጥተው መሞት ይጀምራሉ።

ለራሳችሁም ተጠንቀቁ

ቱቦውን በአፋችሁ አትሳቡ፣ የቆሰለ እጅም ውሃው ውስጥ አታስገቡ። ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የተባለ ባክቴሪያ በቁስል ገብቶ ከሳምንታት በኋላ በእጅ ላይ ቶሎ የማይድን እብጠት ሊያወጣ ይችላል። እንዲህ ያለ እብጠት ካያችሁ ዓሣ እንደምታኖሩ ለሐኪም ንገሩ።

የታመመም ሆነ የሰለቻችሁን ዓሣ ወደ ወንዝ ወይም ሐይቅ አትልቀቁ። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ፕሌኮ ከአኳሪየም አምልጦና ተለቅቆ በፍሎሪዳና በሜክሲኮ ውሃዎች ተባዝቶ ጉዳት አድርሷል። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ዓሦችን የያዘው ጣናም ሆነ ሌሎች ሐይቆቻችን እንዲህ ያለ እንግዳ አያስፈልጋቸውም።

ሻጮች ሆይ፣ እነዚህን ዓሦች «ጽዳት ሠራተኛ» ብላችሁ አትሽጡ። ገዢዎችም ወለሉን በራሳችሁ እጅ የማታጸዱ ከሆነ አትግዟቸው።