ለልጅ ሞተር እንደ ጫማ «ያድግበታል» ተብሎ አይገዛም

ዛሬ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት አይደለም የምጽፈው። ሰሞኑን አንድ የጎንደር አባት በኢንቦክስ የጠየቀኝን፣ ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ በፈቃዱ እዚህ ልመልስ።

አጎቱ ከአሜሪካ በኮንቴይነር ከላካቸው ዕቃዎች ጋር አንዲት አሮጌ የልጆች ሞተር ሳይክል መጣችለት። በፈረንጆቹ 1960ዎቹና 70ዎቹ እዚያ የሣር ማጨጃ ሞተር እየተገጠመላቸው ለልጆች ይሸጡ ከነበሩት ናት። ጎማዋ ትንሽ ነው፣ ማርሽ የላትም፣ ፍሬኗ ከኋላ ብቻ ነው። ሞተሯ ሞቷል። ልጁ 9 ዓመቱ ነው፤ እንቅልፍ የለውም። መካኒኩ ሁለት ምርጫ አቅርቧል፦ ደምቢያ ላይ ለመስኖ ከሚሠራ የውሃ ፓምፕ የተፈታ ሞተር፣ ወይም ከተጋጨ ሞተር ሳይክል የተነቀለ 125 ሲሲ። ምክሩ ደግሞ «ደባርቅ አያቶቹ ጋ ስትወስደው ደካማ ሞተር አቀበት አይወጣልህም። ትልቁን ግጠምለት፣ ያድግበታል» የሚል ነው። አባትየው «ዶክተር፣ የቱ ይሻላል?» ብሎ ጻፈልኝ።

መጀመሪያ የሐኪም መልሴን ልስጥ። በእኔ ቢሆን አይነዳም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዲህ ዓይነት ባለሞተር ነገር እንዳይነዱ ይመክራል። የ9 ዓመት ልጅ ፍጥነትና ርቀትን አመዛዝኖ በጊዜ ፍሬን የመያዝ ችሎታው ገና አልበሰለም። ጉብዝና አይደለም ጉዳዩ፣ ዕድሜ ነው። ግን «አይሆንም» ብዬ ብዘጋው አባትየው ወደ መካኒኩ ይሄዳል፣ እኔም ልጁን ድንገተኛ ክፍል አገኘዋለሁ። ስለዚህ እስኪ እንነጋገርበት።

መካኒኩ ስለ ከፍታው የተናገረው እውነት ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተርም እንደኛ ትንፋሽ ያጥረዋል። በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 ተኩል በመቶ ገደማ ያጣል። ጎንደር ከተማ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሩቡ ይጠፋል፤ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ እዚያ ሲሶው ይሄዳል። መፍትሔው ግን ሞተር ማሳደግ አይደለም። ሒሳቡን እንየው፦ 10 የፈረስ ጉልበት ያለው 125 ሲሲ ደባርቅ ላይ ሲሶውን ቢያጣ ወደ 7 ይቀረዋል። ይህች ሞተር ሳይክል ግን ስትሠራ የሚገጠምላት ከ2 ተኩል እስከ 5 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። የልጁ ክብደት ደግሞ 30 ኪሎ ቢሆን ነው! ትልቅ ሰውና ጭነት እንዲያወጣ የተሠራ ሞተር ለምኑ?

ፓምፑም ቢሆን ዝም ብሎ አይገጠምም። ባለ 2 እና ባለ 3 ኢንቹ ፓምፕ ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ ከ5 ተኩል እስከ 6 ተኩል የፈረስ ጉልበት ነው፤ ይኼም ይበዛል። አንድ ትልቅ ጥቅም ግን አለው፦ ገቨርነር። ሞተሩ በደቂቃ ከ3,600 ዙር ብዙ እንዳያልፍ የሚይዘው እሱ ነው። ወጣቶቹ መጀመሪያ የሚያወጡት ደግሞ ይህንኑ ነው፣ «ታስሯል፣ እንፍታው» እያሉ። ሲወጣ ሞተሩ ካልተሠራበት ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ቮላኖው ቢሰነጠቅ ብረቱ የሚበተነው ልጁ እግር ሥር ነው።

ገቨርነሩ ሳይነካም ፍጥነቱን አስሉት። ሞተሩ 6 ጊዜ ሲዞር ጎማው 1 ጊዜ የሚዞር ከሆነና የጎማው ዙሪያ 1 ሜትር ከሆነ፣ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በዚህ ፍጥነት ግንብ መምታት ከ5 ሜትር ከፍታ መውደቅ ማለት ነው። በግማሹ፣ በ18 ኪሎ ሜትር፣ ቢመታ ደግሞ ከ1 ሜትር ከ30 ገደማ እንደመውደቅ ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ምቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። አንዱ የራስ ቅል ይሰብራል፣ ሌላው ብዙ ጊዜ ጉልበት ተልጦ፣ ተለቅሶ ያልፋል። ለዚህ ነው ስለ ሞተር ስጠየቅ ስለ ፍጥነት የምመልሰው።

ደግሞ አቀበት የወጣ ይወርዳል። ከጎሃ ተራራ ወደ ከተማ ቁልቁል ለመምጣት ሞተር አያስፈልግም፣ ፍሬን እንጂ። ማርሽ የሌላቸው እነዚህ ሞተሮች ነዳጅ ሲለቀቅ ፍሪሲዮናቸው ራሱ ይለቃል፤ እንደ መኪና በሞተር ይዞ መውረድ የለም። የገጠር ልጅ በቅሎ ላይ ሲወጣ ቢያንስ በቅሎዋ ገደል ስታይ ትቆማለች።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ሁለቱንም አልመርጥልህም። ከትንንሾቹ ፓምፖች፣ ወደ 100 ሲሲ የሚጠጋ፣ 3 የፈረስ ጉልበት ያልሞላ ሞተር ፈልግ። ገቨርነሩ ይኑር። ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ እንዳይከፈት በብሎን ይገደብ። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ ያማሃ ከ1981 ጀምሮ ለሕፃናት በሚሠራት 50 ሲሲ ላይ ይኸው ብሎን አለ፣ ካቴናም የላትም፣ በዘንግ ነው የምትሄደው። የእናንተ ካቴና ስላላት ዙሪያዋን በላሜራ አስሸፍን። ካቴና ውስጥ የገባ የልጅ ጣት አክሜያለሁ፤ ጣቱን ማትረፍ አልቻልንም። ማርሚታውም ይሸፈን፣ የውስጥ ባቱን ነው የሚጠብሰው። ከተቃጠለ 20 ደቂቃ የሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ! የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ እንቁላል የለም።

የፊት ፍሬን ማስገጠም ካልተቻለ ለጥ ባለ ግቢ እንጂ ቁልቁለት ላይ አይነዳ፤ መንገድ ላይማ በፍጹም። ከሞተሩ ጋር ካርቡራተሩ ለከፍታው ይስተካከል። አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ይበዛል፣ ጥቁር ጭስ ይመጣል፣ ከሰል በተዘጋ ቤት የሚገድለው ያው ካርቦን ሞኖክሳይድም ይበዛል። ክፍል ውስጥ አስነስታችሁ አትሞክሩ።

በባትሪ የሚሠራስ? በ2016 ዓ.ም የቤንዚን አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የባትሪ ሙያ የያዙ ልጆች እየበዙ ነው። ባትሪ ከፍታ አያዳክመውም፣ ጭስም የጋለ ማርሚታም የለውም፣ ፍጥነቱንም መገደብ ይቀላል። ገንዘቡ ካለ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ቤንዚን ካልክ ግን በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጥ። ልጅ ውኃ መስሎት ከጠጣ ወተት ጋታችሁ ለማስታወክ አትሞክሩ፤ ሳንባው ውስጥ ይገባል፣ ወደ ሐኪም ሩጡ።

የሄልሜቱን ነገር ከሞተሩ በፊት ጨርስ። በሞተር ሳይክል አደጋ ሄልሜት የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል፤ ልክ ሲሆንና ሲታሰር ነው ታዲያ። ያንተን አታልብሰው። ልጁን ይዘኸው ሂድ፣ ከቅንድቡ በላይ ዙሪያውን አስለካ፣ አሳስረህ ራሱን እንዲነቀንቅ አድርግ። ሄልሜቱ ለብቻው ከዞረ ሌላ አስመጣ፤ ባለሱቁ «ያድግበታል» ቢልህም።