ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን፦ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከሰፈር ሳይነቀሉ የማርጀት ጥያቄ

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃት ስለ እርጅና ያለንን አስተሳሰብ በሦስት ቃላት ይገልጻል። ጧሪም ቀባሪም ልጅ ነው፤ ልጅም ከጋብቻ ይገኛል ተብሎ ይታሰባል። ይህ አስተያየት የሚያነሣው ምርቃቱ ስላልደረሳቸው ሰዎች ነው፦ ሳያገቡ የኖሩ፣ ያልወለዱ፣ ልጆቻቸው የሞቱባቸው ወይም ርቀው የቀሩባቸው፣ እንዲሁም ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ በመሆናቸው ዕድሜ ልካቸውን ራሳቸውን ሰውረው የኖሩ አረጋውያን። የኑሯቸው መንገድ ቢለያይም በእርጅና ዘመን የሚገጥማቸው በር አንድ ነው። በዚያ በር ላይ የሚጠየቁትም «ልጅህ የት አለ? ባልሽስ?» ተብለው ነው። መሠረታዊ ሙግቴም ይህ ነው፦ ድጋፉን ከጋብቻና ከልጅ ጋር ያሰርንበትን ገመድ ካልፈታነው፣ እነዚህ ሰዎች በሰፈራቸው በክብር ሊያረጁ አይችሉም።

ለምን ሦስቱ ከተሞች?

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ የአዲስ አበባ ደጃፎች ናቸው። በእነዚህ ከተሞች ሁለት ዓይነት አረጋውያን ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንዱ ከተማው መጥቶበት እርሻው ወደ ፋብሪካና መኖሪያ ቤት የተለወጠበት የአካባቢው ገበሬ ነው። ሌላው የመሀል ከተማው የቤት ኪራይ ገፍቶ ያወጣው ሰው ነው። በ2015 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልላዊ መንግሥት እነዚህን ከተሞች ከሌሎች ሦስት ከተሞች ጋር አዋሕዶ ሸገር ከተማን ሲመሠርት የብዙ ሰፈሮች መልክ ተለውጧል። በዚያው ዓመት የተካሄደውን የቤቶች ፈረሳ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን መርምሮ ይፋ አድርጎታል።

ቤት ሲፈርስ የሚጠፋው ጣሪያና ግድግዳ ብቻ አይደለም። የዓመታት የእድር መዋጮ፣ የቡና ጎረቤት፣ በዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ፣ ከጠዋት በሩ ሳይከፈት ሲቀር «ምን ሆኑ?» ብሎ የሚያንኳኳ ሰው አብረው ይጠፋሉ። ልጆች ያሉት አረጋዊ ወደ ልጁ ቤት ይሄዳል። ልጅ ለሌለው ሰው ግን ቤተሰቡ ጎረቤቱ ነበር፤ እርሱ በአንድ ቀን ቤትም ቤተሰብም ያጣል።

ሥርዓቱ ማንን ያያል?

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲንከባከብ ይደነግጋል። ድንጋጌው ያገባና ያላገባ ብሎ አይለይም። ልዩነቱ የሚጀምረው ወደ ታች ስንወርድ ነው። የጡረታ ሕጎቻችን ጡረተኛው ሲሞት የሚያውቋቸው ተተኪዎች የትዳር ጓደኛ፣ ልጆችና ወላጆች ናቸው። ለዓመታት በአንድ ጣሪያ ሥር ወጪና ሕመም የተካፈለ ጓደኛ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ኑዛዜ ከሌለ ውርስን በሥጋ ዝምድና ያከፋፍላል። በመሆኑም ያስታመመው ጓደኛ ከቤት ይወጣል፤ ሟቹን በቅጡ የማያውቀው የወንድም ልጅ ይገባል።

እድር ከሁሉም ለሰው የቀረበ ተቋም ነው። ይሁን እንጂ እድር ከምርቃቱ ሁለት ቃላት መካከል የመለሰው አንዱን ብቻ ነው፤ ቀባሪን ሰጥቶናል፣ ጧሪን አልሰጠንም። ልጅ የሌላቸው እናት ሲሞቱ ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ያልመጣ ይቀጣል። በሕይወት ሳሉ ውኃ የሚቀዳላቸው ባጡበት ሳምንት ግን ጡሩምባ የሚነፋ የለም።

ስለተሰወሩት

ከእነዚህ አረጋውያን መካከል ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ የሆኑት ሁኔታ የከፋ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድርጊትን በእስራት ያስቀጣል። ከሕጉ በላይ የሚያስፈራው ደግሞ የሰፈር አንደበት ነው። ስለዚህ ሰውየው «ሳያገባ የቀረ» ተብሎ ያረጃል። ጓደኛው ሲሞትበት እንደ ሐዘንተኛ አይቆጠርም፤ ሠልስት ተቀምጦ የሚያጽናናው የለም። ሲታመም ቤቱን ለአስታማሚ መክፈት ይፈራል።

በዚህ ጉዳይ ሕብረተሰቡ ያለው አቋም ይታወቃል፤ ሕጉም በሥራ ላይ ነው። ነገር ግን በጥንቃቄ ብናነበው የተጠቀሰው አንቀጽ የሚቀጣው ድርጊትን ነው፤ ለአንድ ሽማግሌ ምግብ ማድረስን፣ ቁስል ማጠብን ወይም መድኃኒት መግዛትን የሚከለክል ቃል የለበትም። የሰማንያ ዓመት አዛውንት በተኙበት አልጋ አጠገብ ቆሞ ማንን ይወዱ እንደነበር መጠየቅ የሕግም የሃይማኖትም ግዴታ አይደለም።

ያለን ሀብት

የሥጋ ዝምድና ብቻውን ዘመድ አያደርግም የሚለው ሐሳብ ከውጭ የመጣ አይደለም። ጉዲፈቻ ከኦሮሞ ሕዝብ የተገኘ ሥርዓት ነው፤ ያልተወለደውን ልጅ እንደተወለደ ያደርጋል። ሞጋሳ ደግሞ ባዕዱን ከጎሳው ይቀላቅላል። በአማራው ባህልም ሰው የጡት አባትና የጡት ልጅ በመባባል ይዛመዳል፤ የክርስትና ልጅም እንደ ልጅ ነው። ሦስቱ ከተሞች የቆሙበት ምድር በመምረጥ የሚገኝን ዝምድና ከቤተ መጻሕፍት ሳይሆን ከአባቶች ያውቀዋል።

እድርም መለወጥ እንደሚችል አሳይቷል። በኤች አይ ቪ ወረርሽኝ ዘመን ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሕሙማንን ቤት ለቤት መንከባከብና ወላጅ አልባ ሕፃናትን መደገፍ ጀምረው ነበር። በዚያ ጊዜም ስለ ሕሙማኑ ብዙ ክፉ ነገር ይነገር ነበር፤ እንክብካቤው ግን ቀጠለ።

ከውጭ የምንወስደውም አለ። በኒውዮርክ በ1978 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሴጅ የተባለ ድርጅት ለተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ አረጋውያን የሚሠራ ነው። ከቀደምት ሥራዎቹ አንዱ ከቤት መውጣት የማይችሉትን በጎ ፈቃደኞች እየሄዱ እንዲጠይቋቸው ማድረግ ነበር። ኋላ በዚያች ከተማ የተሠራው ዓይነት የተለየ መኖሪያ ሕንፃ ለእኛ አይሆንም፤ እዚህ ተለይቶ መታወቅ ራሱ አደጋ ነውና። ለእኛ የሚሆነው ጠያቂው ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ እድሮች በደንባቸው አባሉ በራሱ ምርጫ አንድ ተጠሪ እንዲያስመዘግብ ይፍቀዱ፤ ተጠሪው ዘመድ መሆን የለበትም። ከወር መዋጮውም ትንሽ ክፍል ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ጥየቃ ይመደብ።

ሁለተኛ፣ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ «ብቻውን የሚኖር አረጋዊ» የሚል መዝገብ ይያዙ። ለምን ብቻውን እንደሆነ አይጠየቅ፤ ስለ ፍቅር ሕይወት የሚመዘገብ ነገርም ፈጽሞ አይኑር። ያልተጻፈ ምስጢር አይሾልክም።

ሦስተኛ፣ የዩኒቨርሲቲዎች የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት ለእነዚህ አረጋውያን የኑዛዜ አገልግሎት ይስጡ። በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ የተፈረመ ኑዛዜ፣ ወይም አንዱ ምስክር ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ በሁለት ምስክሮች የጸና ኑዛዜ፣ ያስታመመውን ሰው ከጎዳና ያድናል። ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም።

አራተኛ፣ የልማት ተነሺዎች ምትክ ቦታ ሲሰጣቸው ብቸኛ አረጋውያን ከመረጧቸው ጎረቤቶች ጋር እንዲሰፍሩ ይደረግ።

እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት ከጎዳና ላይ ሰው የሚያነሡ በመሆናቸው ምስጋና ይገባቸዋል። ዳሩ ግን ሰው ወደዚያ ከመድረሱ በፊት በሰፈሩ ልንይዘው የምንችልባቸው ብዙ ዓመታት አሉ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ከሕዝቡ 5 በመቶ ያህል ነበሩ። የእኔ ትውልድ ዘግይቶ ያገባል፣ ጥቂት ይወልዳል፣ ብዙው ይሰደዳል። ዛሬ ጧሪ ለሌላቸው የምንሠራው ደንብ ነገ ብዙዎቻችንን የሚጦር ነው።