አይዳና የጎብዬው ዋሽንት



ስለ አውሮፓ ሙዚቃ በተነሣ ቁጥር የኢጣሊያኑ የጁሴፔ ቬርዲ ስም ሳይጠራ አይቀርም። እኛም ጎብዬ ላይ ከማሽላ ማማ ወርደን፣ ወንጭፋችንን ጥለን ወደ ትምህርት የገባን ልጆች ስሙን ሰምተናል። ይህ ሰው በ1813 (ዓመቱን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እንጠቅሳለን) ሮንኮሌ በምትባል ትንሽ መንደር ከአንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት ተወለደ። በ1832 የሚላኖ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አንቀበልህም ብሎ መለሰው። ያው ትምህርት ቤት ዛሬ በስሙ ይጠራል!

ከቬርዲ ድርሰቶች አንዱ እኛን ይመለከታል። «አይዳ» በ1871 በካይሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ ሲሆን፣ የሚተርከውም ግብፅ ውስጥ ስለተማረከች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ነው። ደራሲው አገራችንን ረግጦ አያውቅም። ድርሰቱን ያሠራው የግብፅ ገዥ ኢስማኢል ፓሻ ግን ጥቂት ዓመታት ቆይቶ እውነተኛ ጦር ላከብን፤ በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ደግሞ ጉራ ላይ ጦሩ ድል ተመታ። እንግዲህ በታላላቆቹ የኦፔራ ቤቶች የምንታወቀው ባልኖረች ልዕልት ነው። በዚህ ቬርዲን አንወቅስም። ያልሰማውን ዜማ ከየት አምጥቶ ይጻፍ? ወቀሳው የሚገባን የሰማነውን ሳንጽፍ ለቀረነው ለኛ ነው።

አባቶቻችን ዜማ መጻፍ አያውቁም ነበር የሚል ቢኖር ተሳስቷል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ዐዛዥ ጌራና ዐዛዥ ራጉኤል ለቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት እንደሠሩለት ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። ዳሩ ግን ምልክቱ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አልወጣም። የእረኛው፣ የሠርጉና የልቅሶው ዜማ በቃል ብቻ ቀረ።

ይህን ክፍተት ካዩት አንዱ ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ነበሩ። በ1938 አዲስ አበባ ተወለዱ። በአሜሪካ ሮቼስተር ከሚገኘው የኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት በ1962 ተመረቁ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ሥር ላለው ለያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ። በ1967 የሐንጋሪን መንግሥት ኦርኬስትራ መርተዋል። ከድርሰቶቻቸው አንዱ «እረኛው ባለዋሽንት» ይባላል። ባዕድ አገር ሳሉ በ1998 ዐረፉ።

ልብ በሉ! ኦርኬስትራ ለመምራት የበቃው ኢትዮጵያዊ የጻፈው ስለ ቤተ መንግሥት አይደለም፤ ስለ እረኛ ነው። የሐንጋሪ ሊቃውንት ኮዳይና ባርቶክም የሄዱበት መንገድ ይኸው ነበር። በየመንደሩ እየዞሩ የገበሬውን ዘፈን ሰበሰቡ፤ በ1906 የመጀመሪያውን መድበል አሳተሙ። ታላቁ ሙዚቃቸው ከዚያ አፈር ላይ በቀለ።

ታዲያ ወደ ጎብዬ እንመለስ። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በዞብል ተራራ ትይዩ፣ አራት ቀዳዳ ካለው ሸምበቆ የሚወጣውን ዜማ እየሰማን አድገናል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በቆቦና በዙሪያው ተመላለሰ። ሰላም መጣ ብለን ለዕረፍት ስንገባ የሰፈራችን ሽማግሌ ባለዋሽንት አልነበሩም። ከእኛ መካከል ዜማቸውን አሟልቶ የሚያስታውስ አንድ ስንኳ አልተገኘም። ሁላችንም በኪሳችን ስልክ ነበረን፤ አንዳችንም አልቀዳናቸውም። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን።

አንዳንድ ወንድሞቻችን «ኦርኬስትራ የፈረንጅ ነው፤ ምን ያደርግልናል?» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ዋሽንት የኋላ ቀርነት ምልክት ነው» ይላሉ። ለሁለቱም የአሸናፊ ሕይወት መልስ ይሆናል። የፈረንጁን ጥበብ ተማሩ፤ የእረኛውንም ዜማ አልናቁም። አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል ግድ አይደለም። የአሸናፊን ሥራ ራሳችን ስንቶቻችን ሰምተናል? የራሳችንን ሊቅ ሳንሰማ ዓለም ይስማን ማለት ከንቱ ምኞት ነው።

ስለዚህ ለኅብረቱ አባላት የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በሚመጣው ክረምት እያንዳንዳችን ከየትውልድ ቦታችን አምስት ዜማ ቀድተን እንመለስ። የተጫዋቹ ስም፣ ቦታው፣ ዜማው የሚባልበት ጊዜ አብሮ ይጻፍ። ባለቤቱ ሳይፈቅድ ግን አይቀዳ። ኅብረቱም አንድ ሣጥን ያዘጋጅ፤ ኖታ የሚያውቁ ተማሪዎች ወደ ጽሑፍ ይለውጡት። ገንዘብ አይጠይቅም፤ አፍረን ያቋረጥነውን መጠየቅ ብቻ ይጠይቃል።

ሮንኮሌ ከጎብዬ አትበልጥም ነበር። በሚቀጥለው ዕረፍት የምንቀዳቸው ሽማግሌዎች እስከዚያ ይቆዩልን!