«ዝም አይነቅዝም» ብላችሁ አሳድጋችሁን

ማስታወቂያው ሁሉ «ጥሩ የተግባቦት ክህሎት ያለው/ያላት» ይላል። ደግ! ግን የት እንማረው? ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው ሲናገር ጣልቃ መግባት ብልግና ነበር። ክፍል ውስጥ ጥያቄ ማብዛት መምህሩን መፈታተን ነበር። የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ፤ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተናም ምርጫ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያልን ተመረቅን።

ከዚያ ቃለ መጠይቅ ላይ አንገቷን የደፋች ልጅ «በራስ መተማመን ይጎድላታል» ተብላ ትጣላለች። ሰፈሯ ውስጥ «ጨዋ» እየተባለች የምትመሰገነው ያቺው ልጅ ናት። ጥያቄው ደግሞ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሥራው ግን መርካቶ ካለ ነጋዴ ጋር በአማርኛ መደራደር! (የሚያስረዳን ካለ እንሰማለን።) በዚህ ወንፊት የሚያልፈው ሥራውን የሚችለው ሳይሆን ወላጆቹ ውድ ትምህርት ቤት ያስተማሩት ነው።

አሁን ደግሞ የሦስት ቀን «ሶፍት ስኪል» ሥልጠና ይሸጥልናል፦ ፈገግ በሉ፣ እጅ ጠበቅ አድርጋችሁ ጨብጡ። ክህሎቱ አያስፈልግም አላልንም። ማዳመጥ፣ ሳይሳደቡ አለመስማማት፣ ሥራን በሰዓቱ ማድረስ ያስፈልጋል፤ በመጨባበጥ ግን አይለካም። ቀጣሪዎች ሆይ፣ የተቆጣ ደንበኛ ፊታችን አስቀምጡና ስንመልስለት እዩን። በምንሠራበት ቋንቋ።