ስለ ሕፃናት የሥዕል ትምህርት

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ሥዕል ለሕፃናት ጊዜ ማሳለፊያ ነው የሚሉትን ሰዎች ልከራከራቸው ተነሥቻለሁ። ነገር ግን ሌላውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ጥፋት መናገር ይገባኛል፤ አለዚያ የምለው ሁሉ የአፍ ብቻ ይሆናል።

የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን ልጆቹን «ፍየል ሣሉ» ብዬ አዘዝኋቸው። በጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ፍየል በጠመኔ ሥዬላቸው ነበርና ሥራቸው እርሱን አስመስሎ መገልበጥ ነበር። አንዲት ልጅ ግን የሠራችው የራሷን ፍየል ነው፤ በሆዷም ውስጥ እግሩን ያጠፈ ግልገል ሥላለች። «የፍየል ሆድ መስተዋት ነውን? ግልገሉን በምን ዓይንሽ አየሽው?» ብዬ ደብተሯን ከፍ አድርጌ ለክፍሉ ሁሉ አሳየሁ። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም ዜሮ ሰጠኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ሰሌዳውን አንዲት መስመር ሳታጓድል ትገለብጥ ነበር። እኔም ታረመች ብዬ ደስ አለኝ።

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ስለ አውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች የሚናገር የሥዕል መጽሐፍ እጄ ገባ። በአገሪቱ ሰሜን፣ በአርነም ላንድ ያሉ ሠዓሊዎች በዐለትና በዛፍ ልጥ ላይ ዓሣና ካንጋሮ ሲሥሉ፣ አከርካሪውንና የሆድ ዕቃውን ጭምር ያሳያሉ። ዓይን ያየውን ብቻ ሳይሆን ስለ እንስሳው የሚያውቁትን ይሥላሉ። ይህን ሥዕል የዓለም ሊቃውንት በአድናቆት ያጠኑታል፤ እኔ ግን ያንኑ ነገር በገዛ አእምሮዋ ላገኘች የእረኛ ልጅ ዜሮ ሰጠኋት። መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ሰዓት ተቀመጥሁ።

«የሌላውን አገር ሥዕል ማሳየት ልጆቻችንን ከራሳቸው ያርቃቸዋል» የሚሉ አሉ። እስቲ ይመልሱልኝ፤ ያቺን ልጅ ከራሷ ያራቃት ማን ነው? የሰሌዳዬ ፍየል እንኳ የአገሬ ፍየል አልነበረም፤ በሚሲዮን ተማሪ ቤት ሳለሁ ከተሰጠን የፈረንጅ ካርድ የቀዳሁት ነው። አንድ መንገድ ብቻ የሚያውቅ አስተማሪ ያንኑ መንገድ ሕግ ያደርገዋል። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ቅዱሳን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ግን በጎናቸው ሆነው በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ ለልጅ ብትነግሩት «ለምን?» ይላል። የሌላው ሕዝብ እንደዚያ እንደማያደርግ ስታሳዩት ደግሞ ጥያቄው ሁለት ይሆናል። መራቅ የሚሉት ይህንን ነውን?

ሁለት ሥዕሎችን ደግሞ ምስክር ልጥራ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1515 ዓ.ም. አንድ አውራሪስ ከህንድ በመርከብ ተጭኖ ሊዝበን ገባ። የጀርመኑ ሠዓሊ አልብሬክት ዱረር እንስሳውን በዓይኑ ሳያይ፣ የተጻፈለትንና የተነደፈለትን ብቻ ተመልክቶ በእንጨት ቀርፆ አሳተመው። ቆዳው የብረት ጥሩር የለበሰ ይመስላል፤ በትከሻው ላይም ያልነበረ ትንሽ ቀንድ በቅሎበታል። የአውሮፓ መጻሕፍት ያንን ቀንድ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲገለብጡት ኖሩ። የዱረር ሥራ ድንቅ ነው፤ ገልባጮቹ ግን ከአውራሪሱ ይልቅ ወረቀቱን አመኑ።

በ1621 ደግሞ አንድ የሜዳ አህያ ከአገራችን ተወስዶ ከህንዱ ንጉሥ ከጃሃንጊር ዘንድ ደረሰ። መስመሩ በቀለም የተቀባ የመሰላቸው ሰዎች ስለ ነበሩ ተመረመረ፤ የተፈጥሮው መሆኑም ታወቀ። የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ ማንሱር ሣለው፤ ሥዕሉ ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ይገኛል። ከጆሮው እስከ ሰኮናው እያንዳንዱ መስመር ተቆጥሮ የተቀመጠ ይመስላል። ሕንዳዊው የሐበሻን የሜዳ አህያ እንዲህ አድርጎ ሲመለከተው፣ የሐበሻ ልጅ ያንኑ እንስሳ በፎቶ ኮፒ ወረቀት ላይ ብቻ አግኝቶ ከመስመር ሳይወጣ ቀለም እንዲቀባ መታዘዙ አያሳፍርምን?

የሥዕልን ሰዓት ለሒሳብ የሚሰጡትን ዳይሬክተሮች ብዙ አልናገራቸውም፤ ጭንቀታቸው የፈተና ነውና። ይልቅ የሚያናድደኝ ሰኞ ጃፓን፣ ማክሰኞ ግብፅ እያለ ወረቀት አስቆርጦ ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ አስተማሪ ነው። የዓለምን ሕዝብ አስተማርሁ ይላል፤ ልጁ ግን አንድም እንስሳ አልተመለከተም፤ ሌላው ሰው እንዴት እንደ ተመለከተውም አልጠየቀም።

ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ሲቀረኝ የውሃ ሻጩን አህያ ለምኜ ወደ ግቢ አስገባሁ። ልጆቹ ዙሪያዋን ከበው ሣሏት። አንዱ ስድስት እግር አደረገላት። የቀድሞው ቁጣዬ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥ አድርጌ «ለምን ስድስት ሆነ?» አልሁት።

«ስትሮጥ ነዋ!» አለኝ።

በፈረንሳይ አገር በ1994 የተገኘውን የሾቬን ዋሻ ሥዕል ከመጽሐፍ አውጥቼ አሳየሁት። ከሠላሳ ሺህ ዓመት በፊት የኖረ ሰው፣ ቢሶን የሚባለውን የዱር በሬ የሚሮጥ አስመስሎ ሥሎታል። ልጁ በጣቱ እግሮቹን ቆጠረ፤ ስምንት ላይ ደረሰ።

«የኔ አንሷል» አለና እርሳሱን ሊያመጣ ሮጠ።