ባሕሩን የከለሉ መንደሮች

በደቡብ ምዕራብ ማዳጋስካር የባሕር ዳርቻ የሚኖረው ሕዝብ ኑሮው በአብዛኛው በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተመሠረተ ነው። ከሚያጠምዳቸውም አንዱ ስምንት እጅ ያለው ኦክቶፐስ የተባለ የባሕር እንስሳ ሲሆን፣ የውጭ ገበያው እየደራ በመሄዱ ትንንሹ ሳይቀር ይያዝ ጀመር።

ይህን ችግር ለመቋቋም የአንዳቫዱዋካ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ከማጥመጃ ቦታቸው አንዱን ክፍል ለ7 ወራት ከለሉ። ኦክቶፐስ ዕድሜው አጭር፣ ዕድገቱ ግን ፈጣን በመሆኑ ክልሉ ሲከፈት ክብደቱ የጨመረ ምርት ተገኘ። መንግሥትም በ2005 በየዓመቱ ለ6 ሳምንታት ያህል ኦክቶፐስ ማጥመድን የሚከለክል ደንብ አወጣ። በ2006 የአካባቢው መንደሮች ተባብረው ቬሎንድሪያኬ የተባለውን የጋራ የባሕር ክልል መሠረቱ። የሚተዳደሩትም «ዲና» በሚባል የመንደር ውል ነው።

ይሁን እንጂ መከለል ብቻውን በቂ አይደለም። በመክፈቻው ዕለት ከየአቅጣጫው የሚጎርፈው አጥማጅ በጥቂት ቀናት ጠራርጎ ከወሰደው የወራቱ ትዕግሥት ይባክናል። ባሕሩ በሚሸሽበት ሰዓት በእግራቸው እየተዘዋወሩ ኦክቶፐስ የሚለቅሙ ሴቶችም እስኪከፈት ድረስ ገቢያቸው ይጎድላል። በመሆኑም የሚከለለው ቦታ ከፊሉ ብቻ እንዲሆን፣ የመክፈቻው ቀንና የአጥፊው ቅጣት አስቀድሞ በጉባኤ እንዲወሰን ያስፈልጋል።

ተራራ ከከብት ንክኪ ከልሎ ሣሩን አጭዶ በየድርሻው ለሚካፈል ገበሬ ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። በባሕርም ሆነ በተራራ፣ መንግሥት ያወጣው ደንብ በሥራ ላይ የሚውለው ተጠቃሚው መክሮበት ራሱ ሲጠብቀው ነው።